ሁላችንም ዋስ የነበርንበት ማህበር

የቁጠባና ብድር ማህበራችን መፍረስ እኔን ሰማንያ አራት ሺህ ብር አስወጥቶኛል። የባሰባቸው ስላሉ አላማርርም። ግን ያ ገንዘብ ሥራ ነበረው። መርሳ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሚስማርና ቆርቆሮ የምሸጥበትን ሱቅ ያከራዩኝ እትዬ፣ ወልድያ ካሉት ልጆቻቸው ጋር ሊጠቃለሉ ስለሆነ ሊሸጡልኝ ተስማምተን ነበር። ለሱቁ ያጠራቀምኩት ሁለት መቶ ሺህ ብር የተቀመጠው እዚያው ማህበር ነበር።

ማህበሩን የጣለው ሽንኩርት ነው። በአጠገባችን ያለው የግራና ቀበሌ ገበሬ ሁሉ ከማህበሩ ተበድሮ በአንድ ወቅት ሽንኩርት ተከለ። በአንድ ሳምንት ሲነቅሉት ዋጋው ወርዶ ወርዶ ለነቃዮቹ የሚከፈለውን እንኳ አልሸፈነም። ብድሩ ሳይመለስ ቀረ። አንድ አባል ለልጁ ሰርግ ገንዘቡን ሊያወጣ ሄዶ "ሰኞ ና" ተባለ። ሰኞ ከሱ ጋር ግማሽ ከተማው መጣ። ረቡዕ ካዝናው ባዶ ሆነ፣ በሩ ታሸገ፣ ከወልድያም ሒሳብ አጣሪ ተላከች።

አጣሪዋ ድምፅዋን የማታነሳ ቀጭን ሴት ነች። ቀበሌ አዳራሽ ሰብስባን "ለሌላ ሰው ብድር ዋስ የሆነ ይነሳ" አለች። አዳራሹ ሙሉ ተነሳ። እኛ ዘንድ "ዋስ ሁነኝ" የተባለ ሰው ስንት ብር እንደሆነ አይጠይቅም፤ መጠየቅ አላምንህም ማለት ነው። እኔም ከልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ጋር ለሐጂ፣ ሽቦና አካፋ ለሚገዙኝ የግራና ሽማግሌ፣ የፈረምኩት ቆሜ፣ ለደንበኛ መልስ እየቆጠርኩ ነበር።

"አንቱ የማን ዋስ ነዎት?" አለቻቸው ሐጂን።

"የባለ ወፍጮው።"

"ባለ ወፍጮውስ?"

"የልብስ ሰፊው።"

"ልብስ ሰፊውስ?"

"የሐጂ" አለ ልብስ ሰፊው፣ በአገጩ ወደ ሽማግሌው እያመለከተ።

"ታዲያ የሁላችሁም ዋስ ማነው?"

"አላህ" አለ አንዱ ከኋላ።

"እሱ አልፈረመም" አለች።

ዋሶች ድርሻቸውን ካልከፈሉ ቆጣቢው ከአንድ ብሩ ሠላሳ ሳንቲም ብቻ እንደሚደርሰው ነገረችን። ሁሉም ሌላው እስኪከፍል ሊጠብቅ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ይሉኝታ ካስፈረመን ሊያስከፍለንም ይችላል ብዬ አሰላሁ።

በገበያ ቀን ድርሻዬን ሠላሳ ሺህ ብር በሚያሳይ ፌስታል አንጠልጥዬ፣ አቋራጩን ትቼ በገበያው መሃል ለመሃል፣ ሰውን ሁሉ ሰላም እያልኩ ወደ አጣሪዋ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

"ምን ይዘህ ነው?"

"የሐጂን ዋስትና። ያንተስ መቼ ነው?"

"ቀስ በል እንጂ፣ ሰው አለ።"

"ሰው ስላለማ ነው የጠየቅኩህ።"

ከሰዓት በኋላ ከፈለ። ባለ ወፍጮውም ተከተለው። ሐጂ ወይፈን ሸጠው የባለ ወፍጮውን ዋስትና ከከፈሉ በኋላ ሱቄ መጡ።

"አንተ ልጅ፣ በገበያ መሃል አዋረድከኝ።"

"ቀደምኩዎት እንጂ መች አዋረድኩዎት፣ ሐጂ።"

"አብሽር፣ ያንተን ሠላሳ ሺህ ሽንኩርት ሲወደድ እከፍልሃለሁ።"

"እንግዲያው ዋስ ይጥሩልኝ።"

"ከየት ላምጣ? ያለውን ዋስ ሁሉ አንተ ጨረስከው።"

እውነታቸውን ነው። በየገበያው ቀን ሌላ ሰው እየመጣ ከፈለ፤ ማጣራቱ ሲያልቅ ሠላሳ ሳንቲም የተባለው ሰባ ሦስት ሆኖ ደረሰን። አጣሪዋ ስትሰናበተኝ "መሥሪያ ቤቴ ቢቀጥርህ ጥሩ ነበር" አለችኝ። ደመወዙን ጠይቄ ተውኩት።

እትዬ ግን እስከዚያ መቆየት አልቻሉም። ሱቁን ሙሉ ገንዘብ ይዞ ለመጣ የቆቦ ሰው ሸጡት፤ ኪራዩን አሁን ለሱ ነው የምከፍለው። ሽንኩርትም እስከዛሬ አልተወደደም።

ያስቀመጥኩት ሁለት መቶ ሺህ። በዋስትና የከፈልኩት ሠላሳ ሺህ። የተመለሰልኝ መቶ አርባ ስድስት ሺህ። ጉድለት ሰማንያ አራት ሺህ ብር።