በባለጉዳይዋ እጅ

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ቀጠሮ አሳልፎ ሱሪውን ሊወስድ የመጣን ሰው «እስካሁን በምን ከረምክ ጃል?» ብላ የምትቀበል ሴት ነበረች። የዛሬ ዓመት ግድም ከደጇ ፊት ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ሲሰበር፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «አንቺው ሂጂልን» ብሎ የወከላት ለዚያች ምላሷ ነው። ጻፈች፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው አስፈረመች፣ ማዘጋጃ ቤት ወስዳ አስገባች። ሦስት ጊዜም ተመላልሳ ጠየቀች።

አሁን ግን ደንበኛ ሁለቴ ካልጠራት አትሰማም። የስድስት ዓመት ልጇ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከገባች አምስት ወር ሆናት። ያን ቀን ዶፍ ጥሎ መንገዱን ውሃ ሸፍኖት ነበር፤ የቱ መንገድ፣ የቱ ጉድጓድ እንደሆነ አይለይም። ልጅቷ ደጅ የቀረ ጫማዋን ላምጣ ብላ ወጣች። እናት ዩኒፎርም ላይ ኮሌታ እየገጠመች ነበር። ቀና ስትል ልጅ የለችም።

በማግስቱ ሁለት ሠራተኞች አዲስ ክዳን ይዘው መጡ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይሄ ነው።

ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ተጠርቶ መጣ። ሐዘንተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ «አንቺ ስፌት መኪናሽ ላይ ነበርሽ» አላት።

«አመልክቼ ነበር እኮ! ስንቴ ተመላለስኩ!»

«አመለከትኩ ትያለሽ። ወረቀቱ የታለ?»

ወረቀት አልነበራትም። አቤቱታውን ስታስገባ ኮፒ ማስቀረት አላሰበችም፤ ማን ያስባል? ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፣ ቃል ግን አይለዋወጡም። ስለዚህ ቆርጣ ተነሳች። የገቢ ማህተም ያረፈባትን ያቺን አቤቱታ አግኝታ፣ ኮፒዋን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለታለች። ካሳ አላማራትም፣ ክስም አላሰበችም። ባሏ አንብቦ ያን ቃሉን እንዲያነሳላት ብቻ ነው የፈለገችው።

የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው። አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ፊት አንድ እግሩ የሚወዛወዝ አግዳሚ ወንበር፣ ከመስኮቱ ጀርባ ደግሞ ባለጉዳዩ ሁሉ «ጋሽ ነገ» የሚላቸው ሽማግሌ አሉ። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው፤ ከ«ደህና አደርክ» ቀጥሎ የሚያውቁት ቃል «ነገ» ነው ተብሎ ይታማሉ። ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ወንበሩ የሚወዛወዝበትን እግር እያሳዩ «ከዚህ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ» ይላሉ።

መጀመሪያ ቅጽ ሰጧት። «መረጃው የተፈለገበት ምክንያት» የሚለው ላይ «ለባሌ ላሳየው» ብላ ጻፈች።

ጋሽ ነገ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ልጄ፣ ባል እዚህ ቤት ምክንያት አይሆንም። ‹ለግል ጉዳይ› በይ።»

ሰረዘችው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አይቀበሉም ተባለና ሌላ ሞላች። በሁለተኛው ቀን የገቢ ቁጥር ጠየቋት፤ ቁጥሩ ያለው የገቢ መዝገቡ ላይ ነው፣ መዝገቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ፈቃድ የወጣች ልጅ ጋ ነው። ልጅቷ ስትመለስ ቁጥሩ ተገኘ፤ ፋይሉ ግን ተዘግቶ ወደ ኋላ ክፍል ሄዷል። ክዳኑ ስለተገጠመ ይሆናል ብላ መርፌ አልጠየቀችም። እንዲህ እንዲህ እያለች ደጅ ስትጠና፣ የሰው ልብስ ቤቷ ተከምሮ ሰባት ጊዜ ተመላለሰች።

በሰባተኛው ቀን ጋሽ ነገ ከኋላ ክፍል አቧራ ለብሰው ወጡ።

«ተገኘች!»

አቤቱታዋ ናት። የገዛ እጅ ጽሑፏ፣ አሥራ ዘጠኙ ፊርማ፣ ከራስጌው ሐምራዊ የገቢ ማህተም። መርፌ ወረቀቱን በመዳፏ ዳበሰችው፤ እንባዋም መጣ።

«ውለታዎን አልረሳውም ጋሼ።»

ኮፒ ሊያነሱላት ሲቀበሏት፣ ከሥሩ ሌላ ወረቀት እንዳለ አየች። ገለጠችው። ለመንገድና ፍሳሽ ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ፊርማም ማህተምም አለው። «ጉድጓዱ ለሕይወት አስጊ መሆኑ ስለታወቀ፣ ክዳኑ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲገጠም» ይላል። ቀኑን አየች። እሷ ለመጨረሻ ጊዜ ጠይቃ በሄደች በዘጠነኛው ቀን የተጻፈ ነው። ልጇ ከመሞቷ ሦስት ወር በፊት።

«ይሄ... ተፈቅዶ ነበር?»

ጋሽ ነገ አነበቡና ድምፃቸው ወረደ። «ተፈቅዶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልደረሳቸውም?»

ሽማግሌው በጣታቸው ግርጌውን አሳዩዋት። «ደብዳቤው በባለጉዳይዋ እጅ ይላክ» ይላል። ከዚያ በታች በሌላ ሰው ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ «ባለጉዳይዋ ቀርበው ስላልወሰዱ ፋይሉ ተዘግቷል» የሚል አለ።

«የኛ ቤት ደብዳቤ የሚሄደው በባለጉዳይ እጅ ነው፣ ልጄ። መላላኪያ የለንም። ጠብቀንሽ ነበር።»

«እንጠራሻለን ብላችሁኝ! ‹አትድከሚ፣ እንጠራሻለን› ያላችሁኝ እናንተ!»

«ለሁሉም እንዲያ ነው የምንለው» አሉ፤ አፍረው። «ያወቀ ሰው ግን ይመጣል።»

እሷ ግን አላወቀችም። ፋሲካ ደርሶ ሥራ ሲከመርባት፣ ከጠሩኝ እሄዳለሁ ብላ ተወችው። አንድ ቀን። አንድ ቀን ብቻ ብቅ ብትል ኖሮ።

«ያ ክፍል የት ነው ጋሼ? መንገድና ፍሳሽ?»

ጋሽ ነገ በአገጫቸው ከወንበሩ ፊት ለፊት ያለውን በር አመለከቷት። ሰባት ቀን ሙሉ ስታየው የዋለችው በር ነው። እዚያ ተቀምጣ እግሯን ብትዘረጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው።

ሽማግሌው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «የመጀመሪያዪቱን ገጽ ብቻ ላንሳልሽ? ማህተሙ እሷ ላይ ነው። ቅጽሽም የሚጠይቀው እሷኑ ነው።»

መርፌ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ምሳ ጨርሶ ተቀምጧል። ኮፒውን ፊቱ አስቀመጠችለት። እሱም ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ጣቱን ወደ ራስጌው ማህተም መለሰ። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ያዘ።

«አንቺ አይደለሽም» አላት። «እነሱ ናቸው። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ለዚህች ቃል ነበር ሰባት ጊዜ የተመላለሰችው። አሁን መጣችላት፤ እሷ ግን እጇን ከእጁ ማውጣትም እዚያው መተውም አቃታት።

ባሏ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ቀና አለ።

«መልስ እንኳ አልሰጡሽም?»

«አልሰጡኝም» አለችው።