የደሴቷ ፓርቲዎች በጋምቤላ ክፍል ውስጥ
የጀመሩትን ትምህርት መሐል ላይ አቁም ተብለው ያውቃሉ? እኔ ጋምቤላ ውስጥ ስለ አንዲት የካሪቢያን ደሴት ሳስተምር ተብያለሁ። የደሴቷ ፓርቲዎች ለምክር ቤት ይወዳደራሉ፤ አገረ ገዢዋን ግን ባሕር ማዶ ያለ መንግሥት ይሾምላታል።

እንዲገባቸው ብዬ ተማሪዎቼን «ፓርቲ መሥርቱ» ስላቸው አኙዋው ከአኙዋ፣ ኑዌሩ ከኑዌር፣ ደገኛው ከደገኛ ጋር ተሰበሰበ።

«በሐሳብ እንጂ በቋንቋ አይደለም!» ብዬ ቀላቀልኳቸው፤ አገረ ገዢው ይቅር የሚሉ በቀኝ፣ ይቆይ የሚሉ በግራ። ክርክሩ ሲጦፍ ርእሰ መምህሩ ገቡ።

«አገረ ገዢው መጡ!» አለች አንዷ ተማሪ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። «መምህር፣ እዚህ ፓርቲ ክልክል ነው። ወደየቦታቸው መልሳቸው።»

«ከመለስኳቸው እንደገና በቋንቋ ይቧደናሉ። አላቆምም» አልኳቸው።

ተማሪዎቼ እሳቸው እያዩ አገረ ገዢው ይቅር ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ። እርስዎም ክፍልዎን ቀላቅለው ይሞክሩት።