ምስጥ ያልበላው ቶብ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴ ላይ መጮኼን። ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። በየዓመቱ ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት እየቆነጠርኩ እሰጣቸዋለሁ፤ ትልቁን ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ባሌም አያውቅም። አሁን ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ ሰው፣ ልነግርዎት የተነሳሁት ደፍሬ አይደለም፤ ፊትዎን ስለማላይ ነው።

የሟች ሴት ቶብ ቆርጬ ሰርቄአለሁ። ከሰረቅሁ በኋላ ምስጥ በላው አልኩ። ምስጥ በላው ብዬ፣ ምንም ያላደረገች ልጅ ይቅርታ አስጠየቅሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ዝርዝሩን ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ የባሰ ነው።

አሶሳ ገበያው አጠገብ በተከራየናት ክፍል ከሐዋ ጋር ካርድ እንሠራ ነበር። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የዒድ። ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ እኔ ቤተሰቦቼ ከወለጋ የመጡ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እንደ እህት ነበርን። እጇ ወርቅ ነው። ወረቀቱን ታጥፋለች፣ ትቆርጣለች፣ ቀርከሃ ሰንጥቃ እንደ ክር አቅጥና ትለጥፍበታለች። የእኔ ድርሻ ኮምፒውተሩ ነበር። ከጽሑፉ ሥር የሚነጠፈውን ባለጌጥ ወረቀት እየነደፍኩ አትማለሁ፤ መደብ እንለው ነበር። ካርድ ያለ መደብ ራቁቱን ነው። ሰው ግን የሚያየው የሙሽሮቹን ስም ነው፣ መደቡን ማንም አያይልኝም፣ ይህም ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ንዴት ነው እዚህ ያደረሰኝ። ወይስ ሰበብ እየፈለግሁ ነው? ሰበብ እየፈለግሁ ነው። ልተወው።

በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ ሰው ለልጃቸው ሠርግ ካርድ አዘዙን። "ከኢንተርኔት የወረደ ጽጌረዳ እንዳታሳዩኝ፤ የአገር የሆነ ነገር ስጡኝ" አሉ። የእኔ ጽጌረዳዎች ደግሞ በሙሉ ከኢንተርኔት የወረዱ ናቸው! መስመር ብስል፣ ቅጠል ብስል፣ የሚወጣው ሁሉ የሻይ ቤት የጠረጴዛ ልብስ ሆነብኝ።

ከጥቂት ቀን በፊት ሐዋ የእናቷን ቶብ አሳይታኝ ነበር። ቶብ የበርታ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት ረጅም ስስ ጨርቅ ነው። የዚህኛው ጫፍ የባቄላ አበባ በሚመስል ትንንሽ ጌጥ የተከበበ ነው፤ ሰማያዊው በመታጠብ ብዛት ለስልሶ እንዲህ ነው ብዬ ልነግርዎ የማልችለው ቀለም ሆኗል። እናትየው ከመሞታቸው በፊት "ይህን ራህማ ስታገባ ትልበሰው" ብለው ነበር። ራህማ የሐዋ ታናሽ እህት ናት፤ ከቶንጎ መጥታ እሷ ጋ እየኖረች ትማር ነበር።

"ሐዋ፣ ጫፉን ብቻ ስካን ላድርገውና መደብ ላውጣበት" አልኳት።

"አይሆንም አስቱ። ሠርጉ ሲያልፍ ካርዱ ምን ይሆናል? መሬት ይወድቃል፣ በርበሬ ይጠቀለልበታል። የእናቴን ልብስ ሰው ይርገጠው?"

"ልክ ነሽ" አልኳት። ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም፣ ልክ መሆኗ ገብቶኝ ነበር።

ሐዋ ለለቅሶ ባምባሲ የሄደች ቀን ቤቷ ሄድኩ። ራህማ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ሐዋ ዘንድ የረሳሁት ነገር አለ አልኳት። "ግባ፣ ግባ" አለችኝ በሳሙና እጇ በሩን እያሳየችኝ፤ አማርኛዋ ያን ጊዜ ገና ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። እህቷ ያመነችኝን ሰው እንዴት ብላ ትጠርጥር? ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሐሳቤ በስልኬ ፎቶ ማንሳት ነበር፤ ክፍሉ ጨለማ ሆኖ ጌጡ አልወጣ አለኝ። ሙሉውን ይዤ እንዳልወጣ ቶብ በቦርሳ አይደበቅም፣ ራህማ ደጅ ናት። የካርድ መቀሴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከጫፉ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቆረጥኩ። የቆረጠው ይህ እጄ ነው፤ ሰይጣን አይደለም፣ ችግር አይደለም። ከዚያም የመቀስ ሥራ እንዳይመስል ጠርዙን በጥፍሬ ቧጨርኩት፣ ክሩን ጎተትኩት። ምስጥን ገና አላሰብኩም ነበር፤ ጥፍሬ ግን ሳያስብ የቀረ አይመስለኝም።

ቁራጩን ስካነሩ መስታወት ላይ አነጠፍኩት። ስክሪኑ ላይ ሲሰፋ ክሩ አንድ በአንድ ታየ። መሃሉ ላይ ተቀዶ እናትየው በነጭ ክር የሰፉት ቦታ ነበር። ያ ስፌት ከቀረ ሐዋ ታውቀዋለች፣ ስለዚህ አጠፋሁት። የሞተች እናት የሰፋችውን፣ ክር በክር እየለቀምኩ አጠፋሁት። ሰማያዊውን ወደ ጡብ ቀለም ለወጥኩ። ጫፍና ጫፉን አገጣጥሜ ስደጋግመው መጋጠሚያው የማይታወቅ መደብ ወጣኝ። ልዋሽዎ አልፈልግም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ካርዱንስ ማን ሠራው? ሐዋ። በገዛ እጇ ቆረጠችው፣ አጠፈችው፣ ኮላ ቀባችው። "አስቱ፣ ይሄንንስ ከየት አመጣሽው? ሆድ ያባባል" አለች።

"ከራሴ" አልኩ።

ሳጥኑን የከፈተችው ዒድ ሊደርስ ሲል ነው። ቶቡን ታቅፋ ወደ ሥራ ቦታችን መጣችና ጠርዙን ዘረጋችልኝ። አላለቀሰችም። "ይሄ ምን ነክቶት ነው?" አለችኝ። እንደ ወዳጅ ጠየቀችኝ እንጂ አልጠረጠረችኝም። አፌ ቀደመኝ።

"ምስጥ ነው" አልኩ።

አሶሳ ለኖረ ሰው ይህች ቃል ትበቃለች። እዚህ ምስጥ የበር መቃን ይበላል፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይበላል፣ ለዘመድ ጥየቃ ሰንብተው ሲመለሱ የአልጋ እግር ተበልቶ ያገኙታል። ለዚህ ነው ሳጥን ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው። የሐዋ ሳጥን ደግሞ ያን ጊዜ ድንጋዩ ላይ አልነበረም፤ ራህማ ወለሉን ስታጸዳ አውርዳው ሳትመልሰው ቀርታለች። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ደስ አለኝ። እፎይ አልኩ።

ሐዋ ምስጡን ለማባረር ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምና የግድግዳውን ሥር ሁሉ ቀባች። ራህማን ግን እንዲህ አለቻት፦ "አንዲት የእናትሽን ጨርቅ መጠበቅ ያቃተሽ፣ ነገ ትዳር ልትጠብቂ ነው?" ሳጥኑን ቆለፈች፣ ቁልፉን ከአንገቷ አላወርድ አለች። ራህማ ትምህርቷን ትታ ቶንጎ አጎቷ ቤት ገባች።

እዚህ ላይ እንኳ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። የባሰውን አደረግሁ፤ አስታራቂ ሆንኩ።

"አንቺን ትሰማሻለች" ብላ የለመነችኝ ሐዋ ናት። ራህማ ለጉዳይ አሶሳ ስትመጣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አስቀምጬ መከርኳት። እኔ! "ታላቅሽ ናት፤ ይቅርታ ማለት ምን ያዋርድሻል?" አልኩ።

"ወላሂ አስቴር፣ ምስጥ አይደለም" አለች። "ምስጥ ሲበላ አፈር ይተዋል። እኔ አፈር አላየም። ጨርቁ ንጹህ ነው።"

ልክ ናት። ምስጥ በሄደበት ሁሉ አፈር ይጎትታል፤ ይህን የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። ሐዋ ከንዴቷ የተነሳ ያላየችውን ይህች ልጅ አይታዋለች። ታዲያ ምን አልኳት? "አፈሩ ስታራግፉት ወድቆ ይሆናል" አልኳት። ቀጥዬም፣ መልሱን እያወቅሁ፣ "ሳጥኑን ድንጋዩ ላይ መልሰሽው ነበር?" አልኳት።

አቀረቀረች። "አልመለስኩም" አለች።

"እንግዲያውስ" አልኩ።

በማግስቱ የእህቷን ጉልበት ይዛ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፉ በይኝ" አለች። ሐዋ አንስታ ሳመቻት፣ ተላቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ የደስታ መስሏቸው ነበር። "አላህ ይስጥሽ አስቱ፣ እህቴን መለስሽልኝ" አለችኝ ሐዋ። እኔም አሜን አልኩ።

ቶቡን ግን አልሰጠቻትም። ራህማ ከገበያ በተገዛ ቶብ አገባች። "ይሻላል፤ እኔ እጅ ዕቃ አይበረክትም" እያለች ትስቅ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የእኔ ተገላቢጦሽ ነው። የተወጋችው ማን እንደወጋት አታውቅም፣ ራሷን የወጋች ይመስላታል። መርሳት ያቃተኝ የወጋሁት እኔ ነኝ።

እንኳንስ ልረሳ! ሰሞኑን ራህማ ልጇን ይዛ ሐዋን ልትጠይቅ መጥታ ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ልጅቷ እንደገባች ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣል አደረገች። ራህማ ብድግ ብላ እጇን መታቻት። "አንሺ! እንደ እናትሽ ዕቃ አጥፊ ልትሆኚ ነው?" ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ምሳ ቀርቦ እንኳ አላወረደችውም፤ በአንድ እጇ በላች። ሐዋ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፣ መደቡን አጠፋዋለሁ እላለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ቢጠፋስ ምን ይመለሳል? ሐዋ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ታርቀዋል፣ ለምን ልቀሰቅሰው እላለሁ፤ ለእነሱ ያሰብኩ እያስመሰልኩ ለራሴ ነው የምፈራው። ነገ ቶንጎ ሄጄ ለራህማ እነግራታለሁ ብዬ ልምልልዎት? ስንቴ ምያለሁ። መሐላዬን አይመኑ።

ስጀምር፣ መጨረሻ ላይ ይቅር በሉኝ ልልዎት አስቤ ነበር። ተውኩት። ለዚህ ጥፋት አንዴ ይቅርታ ተጠይቋል። ጉልበት ተይዞ፣ በእንባ ተጠይቋል፤ ሐዋም ይቅር ብላለች። የጠየቀችው ግን ራህማ ናት። ራህማን እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቃት የለም።