የተቀባው እብነ በረድ

ባለፈው ወር ልጄ የጋብቻ ወረቀቷን የፈረመችው ፓሳዴና አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። ሰዉ ፎቶ ሲነሳ እኔ ከደረጃው በስተግራ ወዳለው ሦስተኛ ዓምድ ሄጄ በጣቴ አንኳኳሁት። እንደ ባዶ ሣጥን ጮኸ።

«ዳዲ፣ ኦኬ ነህ?» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ እዚያ ቤት ጽዳት እሠራ ነበር። ያሠራው በብርቱካን እርሻ የከበረ ሰው ነው፤ የጥንት ግሪኮችን ቤተ መቅደስ አስመስሎ፣ ለሚስቱ ቤተ መንግሥት ይሁናት ብሎ። ሲከስር ከተማው ገዛው። የዳንሱ አዳራሽ የምክር ቤት መሰብሰቢያ፣ የሴትየዋ መኝታ ቤት የውሃ ሒሳብ መክፈያ ሆነ። ጣሪያው ላይ የተሳሉት ወይን የያዙ ራቁት ሴቶች ግን እንዳሉ ቀሩ። የሥራ ባልደረባዬ ጋሼ ሙሔ፣ የወሎ ሰው፣ አንድ ቀን ቀና ብለው አላዩዋቸውም። «አንተ ገጣሚ ነህ፣ አንተ እያቸው» ይሉኝ ነበር።

ጠዋት የሎስ አንጀለስ ሐበሾች ሰፈር ከሆነው ከፌርፋክስ በአውቶቡስ ስንሄድ ስለ ዓምዶቹ የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ፤ ዘመን ስለማይበግረው ድንጋይ።

አለቃችን የሰጠችንን ለስላሳ ሳሙና ጋሼ ሙሔ አያምኑትም። «በረኪና ያልነካው ነገር ጸዳ አይባልም» እያሉ ለመጸዳጃ ቤቱ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሲያዝለኝ፣ ቶሎ ልገላገል ብዬ የሳቸውን ጠርሙስ አንስቼ ሦስተኛውን ዓምድ ፈገፈግኩት። ግራጫዎቹ የድንጋይ ጅማቶች ከጨርቄ ጋር መጡ። ከሥር እንጨት ታየ። ለካ አንድ ሠዓሊ እብነ በረድ አስመስሎ በላባ የሳለው ቀለም ነበር።

አለቃችን መጣች። እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ነበርኩ።

«ምን አለች?» አሉኝ ጋሼ ሙሔ።

«ማን አጠበው ነው የምትለው።»

ዓምዱን አዩ፤ እጄን አዩ። «ጠርሙሱ የኔ ነው። እኔ ነኝ በላት።»

«ጋሼ፣ ባለቤትዎን ከአገር ቤት ለማምጣት የሥራ ደብዳቤ እየጠበቁ አይደል እንዴ?»

«አንተ ኮሌጅ ልትገባ ነው። በላት አልኩህ።»

አልኳት። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጥንቅቅ ያለ ትርጉም ሠርቼ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት ቁልፋቸውን አስረከቡ። ኋላ ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ሠሩ፤ ባለቤታቸው የመጡት ብዙ ቆይተው ነው። ፌርፋክስ ስንገናኝ «ያ ድንጋይህ እንዴት ሰነበተ?» ብለው ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ወደ አኼራ ከሄዱ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ወር ቆሜ ሳየው፣ ዓምዱን የጠገነው ሰው እጁ የተባረከ ነው፤ አሮጌው ከአዲሱ አይለይም። መዳፌን ጣል አድርጌበት «ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ በአማርኛ።

«ምን አልክ?» አለች ልጄ።

መተርጎም ደከመኝ።