ከባሕሩ ዳርቻ የመጣው ጋዝ

ዴልበርት ክሮውሊ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያዳምጠው የማሞቂያውን ጉርምርምታ ነው። ያን ዕለት ማለዳ ማሞቂያው ዝም ብሏል።

የእሱና የሚስቱ ቤት በመኪና የሚጎተት ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ብርዱ ሲመጣ ወደ ሜክሲኮ ባሕር፣ ሙቀቱ ሲመጣ ወደ አሪዞና ተራሮች ይጎትቱታል። ዘንድሮ ግን የልጅ ልጃቸው ሰርግ ደረሰና ብርዱ ሳይወጣ ተራራውን ወጡ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ መንገዱን ዘግቶታል። ሚስቱ አርዲስ ከሳንባ ምች ገና ማገገሟ ነው፤ ሐኪሟም ብርድ እንዳይነካት አጥብቆ አስጠንቅቋል።

«ጋዙ አለቀ እንዴ?» አለች ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«ምን ያልቃል? ከባሕሩ ስንነሣ አስሞልቼዋለሁ።»

«እንደ አምናው ሞላሁ ብለህ ረስተኸው እንዳይሆን?»

ወጥቶ የጋዙን ሲሊንደር ቢነቀንቀው ከባድ ነው፤ ፈሳሹ ውስጡ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ገብቶ ምድጃውን ለኮሰ። እሳቱ ብልጭ ብሎ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። አርዲስ አሳለች። ሳሉ አልቆም አላት።

ተጎታች ቤቶች በሚሰፍሩበት በእነሱ ሰፈር የጎረቤት መጋረጃ ሳይገለጥ በር አይንኳኳም፤ ነውር ነው። ዴልበርትም በዕድሜው አንኳኩቶ አያውቅም። ዛሬ ግን አውቶቡስ በሚያህለው መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን የምትኖረውን የማቪስን በር ደበደበ።

«ማን ሞተ?» አለች ማቪስ።

«ማሞቂያዬ። ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፣ ጋዙ ግን አልወጣ አለ። ያንቺን አውሺኝ።»

«የእኔ ጋን እኮ ከመኪናው ሆድ ጋር የተበየደ ነው። ለመሆኑ የት አስሞላኸው?»

«ሜክሲኮ፣ ባሕሩ ዳርቻ።»

ማቪስ ሳቀች። «አይ ዴልበርት! የቆላ ጋዝ ይዘህ ደጋ ወጣህ! እዚያ ቡቴን የሚባለው ጋዝ ይበዛበታል፤ እሱ ደግሞ ብርድ ሲይዘው ተኖ አይወጣም፣ ፈሳሽ ሆኖ ይተኛል። ልክ እንዳንተ፣ ካልሞቀው አይነሣም። ቆይ ውሃ ላሙቅ።»

ማንቆርቆሪያውን ይዛ መጣች። ዴልበርት ተቀብሏት ሊያፈስ ሲል እጁን ያዘችው። «ቀስ! ለብ ያለ ነው እንጂ የፈላ አይደፋበትም።»

እፍኝ በረዶ ጨምሮ ለብ ካደረገው በኋላ በሲሊንደሩ ጎን ቀስ እያለ አፈሰሰው። ጆሮውን ወደ ቤቱ አቅንቶ ጠበቀ። ምንም የለም። ማቪስ ሌላ ውሃ አመጣች፤ እሱንም አፈሰሰ። ያን ጊዜ ከውስጥ ማሞቂያው ጉርር አለ። ዴልበርት በረዶ የለበሰው የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይ ጥዶቹን አልፋ ሲሊንደሩ ላይ እስክታርፍ ድረስ፣ እሳቱ በደከመ ቁጥር ሁለቱ ለብ ያለ ውሃ ሲያመላልሱ ቆዩ። በመጨረሻ የቤቱ መስኮት ተከፈተና አርዲስ ብቅ አለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«ኧረ ቀንሰው አንተ ሰው! በላብ ልትጨርሰኝ ነው?»

ዴልበርት ባርኔጣውን አወለቀ። በትዳር ዘመኑ ሁሉ እንዲህ የጣመው ቁጣ ሰምቶ አያውቅም።