ሃያ አንድ ኪሎ

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛ ክፍልን ስለ ክብደት ሳስተምር ከትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ተንጠልጣይ ሚዛን አወጣሁና መንጠቆው ላይ የአንዷን ተማሪ ቦርሳ ሰቀልኩ። ውስጡ ያለው ሽቦ ሲሳብ ቀጭን የሲቃ ድምፅ አሰማ፤ በመስኮቱ ደግሞ ከጪጩ ቡና ማጠቢያዎች በኩል የቡና ልጣጭ የኮመጠጠ ሽታ ይገባ ነበር። ድምፁና ሽታው አንድ ላይ ሲመጡብኝ ግራ ትከሻዬ ላይ ያለው ጠባሳ የቆጠቆጠኝ መሰለኝና ጠመኔዬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ተማሪዎቼ “ቲቸርን አመማት” ብለው ተንሾካሾኩ። አላመመኝም። በዚህ ቃል ላይ በጣም ጥንቁቅ ነኝ፤ ምክንያቱን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ያደግኩት ወናጎ አጠገብ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ግቢ ውስጥ ነው። ገበሬዎች ቀይ የቡና እሸት ለቅመው ያመጣሉ፣ አባቴ ይመዝናል፣ ማሽኑ ይፈለፍላል። እንዲህ ሲነገር ሰላማዊ ሥራ ይመስላል። በኅዳር ግን ግቢያችን የጦር ሜዳ ነበር። ሰልፍ የሚያዘው በክርን ነው፤ ዘበኛው በቁመቱ የተሰነጠቀ የመኪና ጎማ ይዞ ያገኘው ጀርባ ላይ ያሳርፋል፤ መፈልፈያው የአንድ ሠራተኛ ሁለት ጣቶች በልቶ ሳይውል ሳያድር እንደገና ተነሥቷል። ከአባቴ በፊት የነበረው መዛኝ ደግሞ የገበሬውን ማዳበሪያ በጉልበቱ ከስር እየደገፈ ክብደቱን ሲያሳንስ ተይዞ፣ በገጀራ ጀርባ ግንባሩን ተፈንክቶ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ የቡናው ተክል ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጫማው አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እኛ ልጆች ድንጋይ ውርወራ የተለማመድነው በዚያ ጫማ ላይ ነው።

አባቴ ብልሃቱን የፈጠረው ያንን ጫማ እያየ ይመስለኛል። ሥራውን በተረከበ ሰሞን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝና አስመዘነኝ፤ ሃያ አንድ ኪሎ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ የመጀመሪያው ገበሬ ከመመዘኑ በፊት፣ እኔ ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ እገባለሁ፣ አባቴ መደቡ ላይ ቆሞ መንጠቆው ላይ ይሰቅለኛል፣ ሰልፈኛው ሁሉ የግድግዳ ሰዓት የመሰለውን የሚዛኑን ፊት አንጋጦ ያያል። ቀስቱ ሃያ አንድ ላይ ከቆመ ሥራ ይጀመራል። የቡና ወቅት ከሁለት ወር ብዙም ስለማያልፍ የእኔ ማደግ ሒሳቡን አያበላሽም ነበር። ማዳበሪያው ብብቴን ይሞርደኛል፣ ሳልመዘን ቁርስ አይሰጠኝም፣ ግን ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ያን ሁሉ ሰው ቁልቁል ሳይ የግቢው ንግሥት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከጎረቤት ትኩስ ቆጮ ሰርቄ በልቼ ቀስቱ ትንሽ ሲያልፍ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት አባባ በራሶ “አንቺ ሃያ አንድ! ዛሬ ደግሞ የማንን ድስት ገልብጠሽ መጣሽ?” ብለው ሰልፉን በሳቅ በተኑት። ስሜ በዚያው ሃያ አንድ ሆኖ ቀረ። ክርኑም ጎማውም እየቀነሰ ሄደ፤ ዘበኛው ሥራ ፈትቶ ጥላ ስር ያንቀላፋ ጀመር።

ነገሩ የተበላሸው ወቅቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጠዋት ስንወጣ አሮጌው ሚዛን የለም፤ በቦታው ቀለሙ ያልደረቀ የሚመስል አዲስ ሚዛን ተሰቅሏል። የግቢው ኃላፊ፣ ጋሽ ተፈራ የምንለው፣ “አሮጌው ተበላሽቷል፣ በል ጀምር” አለው አባቴን። ማዳበሪያዬ ውስጥ ገባሁ። ቀስቱ ሄደ፣ ሄደ፣ አሥራ ስምንት ተኩል ላይ ቆመ። አባቴ አውርዶ እንደገና ሰቀለኝ። አሥራ ስምንት ተኩል።

“ልጅቱ ምን ሆነች?” አሉ አባባ በራሶ።

ጋሽ ተፈራ አባቴን ቀደመው። “ወባ ይዟት ሰንብቷል። አይደለም እንዴ ታደሰ?”

የምንኖርበት ቤት የግቢው ነበር። የምንበላውም ከዚያው ነው። ይህን ዛሬ ሳስበው ይገባኛል፤ ያኔ ግን የታየኝ የአባቴ ፊት ብቻ ነው፤ እኔ ተሰቅዬ ስለነበር ከፊቴ ጋር ትክክል ነበር።

“አዎ” አለ። “ታማ ነበር።”

“አልታመምኩም!” ብዬ ጮህኩ። “ቁርስም አልበላሁም!”

ከሰልፉ የተወረወረው የመጀመሪያው ድንጋይ የሚዛኑን መስታወት አደቀቀው። ጋሽ ተፈራ በጓሮ በር ወጥቶ ሞተር ሳይክሉን ሲያስነሣ ሰምቻለሁ፤ አባቴ ግን አልሸሸም፣ እኔን ለማውረድ እየታገለ ነበር። ሚዛኑ የተሰቀለበትን ግንድ ከነአግዳሚው ጎትተው ሲጥሉት መንጠቆው ትከሻዬን ቀደደው። አባቴ በላዬ ወደቀ፤ ሊሸፍነኝ ነው። ከዚያ ማዳበሪያው ውስጥ ጨለማ ሆነ። ዱላው እሱ ላይ ሲያርፍ በእሱ ሰውነት አልፎ እኔ ዘንድ ይደርስ ነበር፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ የጫማ እርግጫ። “ሌባ! በልጅህ ትሰርቀናለህ?” የሚሉትን ድምፆች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ በየጠዋቱ ይስቁልኝ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ክንዱ ሲሰበር ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ የቡና ቅርንጫፍ ነበር። አባቴ አልጮኸም። ደሙ ግን ጆሮዬ ውስጥ እስኪገባ ይሞቅ ነበር።

“ልጅቱ ከስር ናት! ሃያ አንድ ከስር ናት!” እያሉ አባባ በራሶ ከዘራቸውን ጥለው በሰው መሀል ባይገቡ ኖሮ ይህን ዛሬ የሚጽፍ አይኖርም ነበር።

ዲላ ሆስፒታል ያደረሱን እሳቸው ናቸው። ነርሷ መድኃኒቱን በክብደቴ ልክ ለመስጠት ሚዛን ላይ አቆመችኝና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ “ሃያ አንድ” አለች። አባቴ ክንዱ በጣውላ ታስሮ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ አልጋ ላይ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባባ በራሶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ቆሙ፤ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ወይስ ሊወቅሱ ራሳቸውም የለዩት አልመሰለኝም። እኔም አልለየሁትም። ሰዎቹ አባቴን እንደዚያ ሊያደርጉት አይገባም ነበር። ዋሽቷችኋል ያላቸው ግን ማንም አልነበረም፤ ውሸቱን ራሳቸው ናቸው የሰሙት፣ ከአባቴ አፍ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ሚዛን ነክቶ አያውቅም። ወናጎ መንገድ ዳር በቁጥር የሚሸጥ ነገር ብቻ ይሸጣል፤ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ሸንኮራ። ቀኝ ክንዱ ጠምሞ ስለተጋጠመ የሚቆጥረው በግራው ነው፤ ሁለቴ ይቆጥራል።

ባለፈው ሳምንት፣ ቦርሳውን የሰቀልኩ ዕለት፣ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ “ቲቸር፣ ሚዛኑ ቢዋሽስ በምን እናውቃለን?” ብላ ጠየቀችኝ። ክብደቱን ቀድመሽ የምታውቂውን ነገር ትሰቅያለሽ አልኳት፤ ማስታወሻቸው ላይም አጻፍኳቸው።

ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ ማዳበሪያ ይዞ ከባጃጅ የወረደ አንድ ሽበታም ሰው ትኩር ብሎ አየኝና “ሃያ አንድ! አንቺ ነሽ?” አለ። ድምፁን አወቅኩት። ያኔ ማዳበሪያዬ ውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። “አድገሽ የለም እንዴ! አሁንስ ስንት ኪሎ ሆንሽ?”

ከዚያ ሆስፒታል ወዲህ በፈቃዴ ሚዛን ላይ ወጥቼ አላውቅም።

አባቴ እንቁላሎቹን እያስተካከለ፣ ቀና ሳይል “እኔ ብነግርህ ታምነኛለህ?” አለው።

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ጎንበስ ብሎ የያዘውን ማዳበሪያ አፍ ማሰር ጀመረ። የታሰረ ነበር። ፈትቶ እንደገና አሰረው።