የተጋጨው ሃያ አራት ቁጥር

ላቀው በቤተ ልሔም ገዳም የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ ሲማር አድጎ፣ በኋላ ኮሌጅ ገብቶ የፍርድ ቤታችን የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆነ። ደብተር አይዝም። ለየማሽኑ የሚሰጠውን የአድራሻ ቁጥር በወሩ በዓላት ነው የሚያስታውሰው፤ የዳኛው አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል፤ የእኔ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ። "ከጭንቅላቴ አይጠፋም" ይላል። ኩራቱ ልብ ያደርቃል!

በ2004 ዓ.ም. መጋቢት ሃያ አራት ቀን፣ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስክሪን ለላይኛው ችሎት ይግባኛቸውን ሊያሰሙ ከስማዳ በእግራቸው መጡ። የሟች ባላቸው ወንድም መሬታቸውን ከነጠቃቸው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ካልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል።

ጠዋት ስክሪኑን ስንሞክረው ደህና ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ የሳቸውን ፋይል ላወጣ፣ መዝገቦቹ የተከማቹበትን የድሮውን ሰርቨር አበራሁ። ከዚያ ወዲያ ምስሉ ይመጣል፣ ይጠፋል።

ላቀው ስልክ አንሥቶ በላይኛው ፍርድ ቤት ባለሙያዎች ላይ ጮኸ። "ጥፋቱ የእናንተ ነው! የእኔ ንጹሕ ነው!" ገመድ ነቀለ፣ ሰካ። ስምንት ተኩል አለፈ።

"አንተ ሰውዬ፣ እስቲ የራስህንም እይ!" አልኩት።

"ፋንቱ፣ አንቺ መዝገብሽን ጠብቂ!"



ወይዘሮ ሐረገ ወይን የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ቆመዋል። "ዛሬ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ አባቴ አያሳፍረኝም" አሉ።

"ክርስቶስ ሠምራም ናት፣ እማማ፤ ሁለቱም ይርዱዎት" አልኳቸው።

ላቀው የያዘውን ገመድ ለቀቀ።

"ወዮልኝ! ለድሮው ሰርቨር የሰጠሁት የተክለ ሃይማኖትን ነው። ትናንት የስክሪኑን አዲስ ሰርቨር ስተክል ደግሞ፣ እናቴ ክርስቶስ ሠምራን ስለምትዘክር የእሷን ሰጠሁት።"

ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ቁጥር፤ ሃያ አራት! ከላይ የሚላከው ምስል አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ይሄዳል።

"የድሮውን አጥፋው!" አልኩት።

"ፋይሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ዳኞቹ ይፈልጉታል።"

"እንግዲያው ቁጥሩን ቀይር!"

"በየትኛው ቀን? ደግሜ ብሳሳትስ?"

"ወሩ ሠላሳ ቀን አይደል? ሠላሳ አንድ ስጠው፤ ማንም አይዘክረውም!"

ጻፈ። አጥፍቶ አበራ። ዘጠኝ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ምስሉ መጣና ረጋ። ላቀው የወይዘሮ ሐረገ ወይን ጉልበት ላይ ወደቀ። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።"

ከስክሪኑ ላይ ዳኛው "ወይዘሮ ሐረገ ወይን፣ ይሰማሉ?" አሉ።

"እሰማለሁ ጌታዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።"

ላቀው በማግሥቱ ደብተር ገዛ።